ሳይፈተኑ የቀሩ ልጆች፤ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አመራሮች፣ ለሬጅስትራርና ለመምህራን
ግልባጭ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ ተመራቂዎች

የተከበራችሁ አመራሮችና መምህራን፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጭንቀት ነው። ተመርቀው ወደ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዲግሪ መቀጠል የሚፈልጉ ልጆቻችንን የፈተና ነጥብ እያስጨነቃቸው ነው። በተለይ ውጭ አገር ለማመልከት የሚያስቡትን። ጂአርኢ የሚባለው ለድህረ ምረቃ ቅበላ የሚሰጥ የቋንቋና የሒሳብ ፈተና፣ ቶፍልና አይኤልትስ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎች ስማቸው ሲነሳ ወኔ ይከዳቸዋል። እኔ ከማውቃቸው ውስጥ ተፈትነው ነጥብ ያነሳቸው ጥቂት ናቸው። የሚበዙት ጭራሽ አላመለከቱም። "እኔ እዚያ አልደርስም" ብለው ነገሩን በልባቸው ዘግተው ተቀምጠዋል።

እኔ የኮምቦልቻ ነዋሪ ነኝ። ከሥራ በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆችን ማመልከቻ አነባለሁ። ክፍያም ቢሮም የለውም። አንድ የሰፈር ልጅ ይመጣል፣ እሱ ጓደኛውን ያመጣል፣ ጓደኛው እህቱን። የሐረጎን ተራራ ወርደው ከደሴ የሚመጡም አሉ። የምጽፈው እንግዲህ በዓይኔ ካየሁት ተነስቼ ነው።

አንዲት ልጅ ልጥቀስላችሁ። በምሕንድስና ተመርቃለች። ውጤቷ የሚያኮራ ነው። የመመረቂያ ሥራዋን ያየ ሰው "ይቺ ልጅ ሩቅ ትሄዳለች" ማለቱ አይቀርም። ዓመት ሙሉ የሠራችው ግን አንድ ነገር ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር መሸምደድ። ጂአርኢ ከባድ ነው ብለዋታላ። የት ልታመለክቺ ነው ስላት ገና አልመረጠችም። "መጀመሪያ ነጥቡን ላግኝ፣ ከዚያ እመርጣለሁ" አለችኝ። የምትፈልጋቸውን ፕሮግራሞች አብረን ተቀምጠን አንድ በአንድ አየናቸው። አብዛኞቹ ጂአርኢ አይጠይቁም። አንደኛው እንዲያውም ነጥብ ቢላክለትም እንደማያየው በግልጽ ጽፏል። የማመልከቻው ጊዜ ግን ካለፈ ሰንብቷል። ዓመቱ በከንቱ ሄደ።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ከእሷ በላይ የሚሠራ ሰው አላውቅም። የሚነግራት ሰው ግን አልነበራትም።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ይህ ትውልድ ከፈተና ወደ ፈተና እየተወረወረ ነው ያደገው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያንን ቀን በየቤቱ የነበረውን ድባብ ማንም አይረሳውም። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ፤ 50 በመቶ ካላመጡ ዲግሪ የለም። ከ2016 ወዲህ አገር ውስጥ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ለመማርም የትምህርት ሚኒስቴርን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ልጆቹ ጋት የሚሉት ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ ልጅ ነጥብ ሲባል የሚታየው አንድ መስመር ነው። ከመስመሩ በላይ ከሆንክ ገባህ፣ በታች ከሆንክ ቀረህ።

የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የድህረ ምረቃ ቅበላ ግን በአብዛኛው እንዲህ አይሠራም። ጂአርኢን የሚያዘጋጀው ኢቲኤስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ራሱ ለትምህርት ክፍሎች በሚሰጠው መመሪያ፣ በዚህ ነጥብ ብቻ አመልካች አይጣል ይላል። ማመልከቻውን የሚያዩት የትምህርት ክፍሉ መምህራን ናቸው። በፊታቸው ትራንስክሪፕት፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ አመልካቹ ስለ ዓላማው የጻፈው ጽሑፍ፣ የሥራ ልምድ አለ። ነጥቡ ካለ ከነዚህ አንዱ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ ጭራሽ የለም። በ2012 ኮሮና ሲመጣ የፈተና ማዕከላት ተዘጉ፤ ያኔ ብዙ ፕሮግራሞች ጂአርኢን ተዉት። አንዳንዶቹ ወደ ቀድሞው ተመልሰዋል፣ ብዙዎቹ ግን እንደተዉት ቀርተዋል። በአሜሪካ ስመ ጥር የሆነው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምሕንድስናና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል እንኳ ጂአርኢ አይጠይቅም። የእንግሊዝ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕም አይጠይቅም። የአውሮፓ ኅብረት ኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው።

ጂአርኢን የተዉት ዝም ብለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በባዮሜዲካል ዘርፍ የገቡ 683 የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻቸውን ተከታትለው ያገኙትን አሳትመው ነበር። የጂአርኢ ነጥብ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ውጤት በመጠኑ ያመለክታል። ማን ትምህርቱን እንደሚጨርስና ማን ብዙ ምርምር እንደሚያሳትም ግን አላመለከተም። በሌሎች ዘርፎችም ተመሳሳይ ክርክር አለ።

ይህን ስል ፈተናው ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። እንደዚያ ብዬ ልጆቹን ማሳሳት አልፈልግም። በኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዲግሪ ጥሩ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚፈልግ ልጅ የሒሳቡ ነጥብ በጣም ያስፈልገዋል። ሌላም አለ፣ ይሄኛው በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ሚሺጋን ወይም ኦሃዮ የተቀመጠ መምህር ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመጣ 3.4 ምን ማለት እንደሆነ በምን ያውቃል? ክፍሉ ውጤት የሚያጠብቅ ይሁን የሚያላላ አያውቅም። ልጁ ከ60 ተማሪ 3ኛ ይሁን 40ኛ አያውቅም። የድጋፍ ደብዳቤውን ሲከፍት "ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ" ይላል። ሌሎቹ ሁለት ደብዳቤዎችም ያንኑ ይላሉ። ይሄኔ ዓይኑ የሚያርፈው በሚያውቀው ቁጥር ላይ ነው፤ በጂአርኢው ላይ።

የፈተና ነጥብ ለኛ ልጆች ከሌላው በላይ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ወረቀት አይናገርም። እነዚያን ወረቀቶች የምትጽፉት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ልጁ ነጥቡን ለማሳደግ ወራት ይፈጅበታል። እናንተ ግን ትራንስክሪፕቱና ደብዳቤው እንዲናገሩ ማድረግ የምትችሉት በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ነው። ደብዳቤዬን ወደ እናንተ ያዞርኩት ለዚህ ነው።

ከትራንስክሪፕቱ ልጀምር። ተመራቂው ከክፍሉ ስንተኛ እንደወጣና ክፍሉ ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ የምትገልጽ አንድ መስመር ብትጨመርበት ምንኛ ትልቅ ነገር ነው። 3.2 አምጥቶ ከክፍሉ 2ኛ የሆነ ልጅ አለ፤ አስተማሪዎቹ ውጤት አጥባቂ ስለነበሩ። ያለዚያች መስመር ይህን ልጅ ማንም አያውቀውም። የመውጫ ፈተና ውጤቱም አብሮ በደብዳቤ ቢወጣ ጥሩ ነው። አገር አቀፍ ፈተና ነው፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ጋር ያወዳድራል። ልጆቹ አንዴ ተፈትነውታል፣ ላባቸውን አፍስሰውበታል፤ ሥራ ላይ ይዋልላቸው።

ሁለተኛው የጦርነቱ ጉዳይ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ምን ላይ እንደነበሩ እኛ እናውቃለን። ካምፓሶቹ ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከዚያ በፊት በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተማረ ልጅ ትራንስክሪፕት ላይ የጊዜ ክፍተት አለ። የአንድ ሴሚስተር ውጤቱ ድንገት ወርዶ ሊሆን ይችላል። ውጭ ያለው አንባቢ ልጁ የሰነፈ ይመስለዋል። ልጁ ራሱ ቢያስረዳ ምክንያት የሚደረድር ይመስላል። ሬጅስትራሩ ግን "በእነዚህ ወራት ከተማው በጦርነት ውስጥ ስለነበር ትምህርት ተቋርጧል" የሚል ባለ ማኅተም ደብዳቤ አንዴ ቢያዘጋጅ፣ ለሁሉም ይሠራል። ግማሽ ገጽ ይበቃል። የዚያን ዘመን ልጆች በሙሉ ያቃልልላቸዋል።

ሦስተኛው ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን የሚገልጸው ደብዳቤ ነው። ይህን ሬጅስትራሮች ይጽፉታል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ብዙ ልጅ ስለመኖሩ አያውቅም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ደብዳቤ ካዩ ቶፍልም አይኤልትስም አይጠይቁም። እነዚያ ፈተናዎች የሚያገለግሉት ለ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ዘንድሮ ተፈትኖ ቅበላ ያላገኘ ልጅ ከ2 ዓመት በኋላ ቢያመለክት እንደገና ከፍሎ መፈተን አለበት። አንድ ወረቀት ከዚህ ሁሉ ወጪ የሚያድን ከሆነ በምረቃ ቀን ለሁሉም መነገር ያለበት ይመስለኛል።

ኦሪጅናል ሰነድ ከወጪ መጋራት ጋር እንደተያያዘ አውቃለሁ። ሕጉን እናንተ አላወጣችሁትም። ግን ለማመልከት ብቻ የሚበቃ ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ ወይም በኢሜይል ቀጥታ ለተቋሙ የሚላክበት ፈጣን መንገድ ካለ በግልጽ ይነገር። ከሌለ ይከፈት።

አሁን ወደ መምህራን ልዙር። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቀየሙኝ፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ እሱ ስለሆነ ነው።

የድጋፍ ደብዳቤ ዛሬ እንደ ድሮው በፖስታ ተይዞ አይሄድም። ልጁ ማመልከቻው ላይ የመምህሩን ኢሜይል ይሞላል። ሲስተሙ ለመምህሩ ሊንክ ይልካል። መምህሩ ገብቶ ጥያቄ ይመልሳል፣ ደብዳቤውን ይጭናል። ያ ሊንክ ሳይከፈት ቀኑ ካለፈ የልጁ ማመልከቻ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። የጂአርኢ ነጥቡ የመጨረሻው ጣሪያ 170 ቢሆንም እንኳ። ልጆቹ መምህር ማስታወስ ያፍራሉ። አንዴ ይነግራሉ፣ ሁለተኛ ለመደወል ይሳቀቃሉ፤ ባህላችን ነው። ስለዚህ እሺ ያላችሁት ልጅ ካለ እባካችሁ እሱ ሳይወተውት ክፈቱት። ካልተመቻችሁ ደግሞ በጊዜ "ሌላ ሰው ፈልግ" በሉት፤ እሱም ትልቅ ውለታ ነው። ከተቻለ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ላኩት። ከግል ጂሜይል የመጣ ደብዳቤ አንዳንድ ቦታ ጥርጣሬ ያስነሳል።

ይዘቱም እንዲሁ። "ታታሪ ነው" የሚል ቃል ለማንም ይጻፋል። "በላብራቶሪ ሰዓት ማሽኑ ሲቆም ሌላው ተማሪ ወደ ቤቱ ሄደ፣ እሱ ግን ፈትቶ ችግሩን አገኘው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ለጓደኞቹ ያስረዳው እሱ ነው" የሚል ግን የዚያ ልጅ ብቻ ነው። "በ10 ዓመት ውስጥ ካስተማርኳቸው ውስጥ ከፊተኞቹ 5 አንዷ ናት" የሚል መምህር ለዚያ ሚሺጋን ላለው ሰው ጂአርኢ የማይነግረውን ነግሮታል። እውነት ከሆነ ጻፉት። ልጆቻችሁን ስታመሰግኑ አትቆጥቡ፤ ሌላ አገር ያሉ መምህራን አይቆጥቡም። አንዳንዱ መምህር ልጁን "ራስህ ጽፈህ አምጣና እፈርማለሁ" ይለዋል። ጊዜ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ግን ልጁ ስለ ራሱ ሲጽፍ ያንኑ "ታታሪ" ነው የሚጽፈው። ሌላውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የቀረው የክፍልና የገንዘብ ነገር ነው። ፈተናውን ማዕከል ሄዶ ልውሰድ ያለ የደሴ ልጅ አዲስ አበባ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ግድም መሄድ አለበት። መንገዱ በተዘጋ ሰሞን ቀጠሮውም ብሩም ሊባክን ይችላል። ጂአርኢን ቤት ሆኖ በኮምፒውተር መውሰድ ይቻላል። ዱኦሊንጎ የሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተናም እንደዚያው ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ በጣም ያነሰ ነው። ግን ቤት ማለት የትኛው ቤት? ለጂአርኢ ተፈታኙ ብቻውን በተዘጋ ክፍል መሆን አለበት። ካሜራው ክፍሉን ዞሮ ያያል። ሰው በር ከፍቶ ከገባ ፈተናው ሊሰረዝ ይችላል። ኢንተርኔት ካፌ አይፈቀድም። ደሴ ፒያሳ ከእናቱ፣ ከእህቶቹና ከወንድሞቹ ጋር በሁለት ክፍል የሚኖር ልጅ ለ2 ሰዓት ፀጥ ያለ ክፍል ከየት ያመጣል? መብራት ቢጠፋስ? ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበርም አንርሳ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው። በደሴ አንድ፣ በኮምቦልቻ አንድ ትንሽ ክፍል ይዘጋጅ። በሩ የሚዘጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ያለው፣ በጄኔሬተር የተደገፈ መብራትና አስተማማኝ መስመር ያለው ክፍል። ተመራቂው በቀጠሮ ይጠቀምበት። እንዲህ ያለ ክፍል ካለ ይነገረን፣ ለልጆቹ እናደርሳለን። ከሌለ የሚያስፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል በግቢያችሁ ውስጥ አለ።

ገንዘቡ ከዚህ ይከብዳል። የጂአርኢ ዋጋ 220 ዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዶላር በባንክ 57 ብር ግድም ነበር፤ 12,500 ብር አካባቢ ማለት ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሚያስፈልገው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለጀማሪ ሠራተኛ ከወር ደሞዙ ይበልጣል። ብሩ ቢገኝ እንኳ በዶላር የሚከፍል ካርድ በብዙዎቹ እጅ የለም፤ ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል። ዘመድ የሌለው ይቀራል። ኢቲኤስ ለተቋማት የፈተና ቫውቸር፣ ማለትም ክፍያው አስቀድሞ የተፈጸመበት የመመዝገቢያ ኮድ፣ ይሸጣል። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ጥቂት ገዝቶ፣ ፈተናው በእርግጥ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መርጦ ቢሰጥ፣ ልጆቹም በብር እየቆዩ ቢከፍሉ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ውጭ ያሉ የወሎ ተወላጆችም በዚህ ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ ለልጆቹ።

አብሽሩ። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ምረጡ፣ ከዚያ ስለ ፈተናው አስቡ። የእያንዳንዱን ፕሮግራም የቅበላ መስፈርት ራሳችሁ አንብቡ፤ ከጓደኛ የሰማችሁትን አትመኑ፣ ከአምና ወደ ዘንድሮም ይለወጣል። "ግዴታ አይደለም" የሚል ከሆነና ነጥባችሁ ጥሩ ካልሆነ አትላኩት። ካልላካችሁት የሚያየው የለም። ጂአርኢ ነጥባችሁን 5 ዓመት ያስቀምጥላችኋል፤ የቱን እንደምትልኩ የምትመርጡትም እናንተ ናችሁ። ካልጣማችሁ ከ21 ቀን በኋላ እንደገና መቀመጥ ይቻላል።

ግዴታ ነው ከተባለ ደግሞ እንደሚወራው አስፈሪ አይደለም። ከመስከረም 2016 ጀምሮ አጥሯል፤ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የነበረው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሆኗል። አንድ ድርሰት፣ 27 የቋንቋ ጥያቄ፣ 27 የሒሳብ ጥያቄ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ እንዳይኖራችሁ። ሒሳቡ ካልኩለስ የለበትም። አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ መቶኛ፣ ግራፍ ማንበብ ነው፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል የተማራችሁት። ምሕንድስና የጨረሰ ልጅ የሚሸነፈው በሒሳቡ ክብደት ሳይሆን በሰዓቱና በጥያቄው አነጋገር ነው። ከቋንቋው ክፍል ግማሽ ያህሉ አንብቦ መረዳት ነው። ስለዚህ የቃላት ዝርዝር ብቻ ይዛችሁ ዓመት አትፍጁ። በየቀኑ አንድ ረጅም ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አንብቡና "ጸሐፊው ምን እያለ ነው? ለምን እንዲህ አለ?" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ኢቲኤስ ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተና በነፃ ይሰጣል። አንዱን ዝግጅት ስትጀምሩ ሥሩት፤ የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ። ሁለተኛውን ለመጨረሻው ሳምንት አስቀምጡት።

ነጥብ ሲነገራችሁም አነባበቡን እወቁበት። ሁለቱም ክፍሎች ከ130 እስከ 170 ነው የሚታረሙት። ነገር ግን በሒሳብ 160 ያመጣ ሰው የሚበልጠው ከተፈታኙ ግማሽ ያህሉን ነው። በቋንቋው 160 ያመጣ ግን ከ100 ሰው ከ80 በላዩን ይበልጣል። ትምህርት ክፍሉ "የገቡት ተማሪዎች አማካይ ነጥብ ይህ ነው" ብሎ ሲጽፍ ያንን እንደ ማለፊያ አትዩት። አማካይ ነው፤ ከገቡት ውስጥ ብዙዎቹ ከዚያ በታች ነበሩ። እናንተም ከዚያ ትንሽ ብታንሱ ማመልከቻችሁን አታጥፉት።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ። ለፈተና ስትመዘገቡ ስማችሁ በፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። የአባትና የአያት ስም ቦታ ተቀያይሮ በፈተና ቀን የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ።

ጋትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ይህ አገር ውስጥ ለመማር የግድ ነው፤ መሸሽ አይቻልም፣ መዘጋጀት ነው። ለጂአርኢ ያነበበ ልጅ ለጋትም ይጠቅመዋል፤ የሁለቱም መሠረት ቋንቋ፣ ሒሳብና ማመዛዘን ነው። የትምህርት ክፍሎች ቅዳሜ ጠዋት አንድ መማሪያ ክፍል ቢከፍቱላቸውና ተመራቂዎቹ አብረው ቢያጠኑ ለሁለቱም ፈተና ይሆናል።

የተከበራችሁ አመራሮች፣ የጠየቅኩት ሁሉ በአንድ ቀን ይሆናል አልልም። ቀን ግን አለው። የአሜሪካ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚዘጉት ከኅዳር 22 እስከ ታኅሣሥ 6 ባለው ጊዜ ነው። የቼቭኒንግ ማመልከቻ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ነው የሚዘጋው። የጦርነቱ ጊዜ ደብዳቤና የክፍል ደረጃ መግለጫው እስከ መስከረም መጨረሻ ቢወጣ ለዘንድሮ አመልካቾች ይደርሳል። የፈተና መውሰጃው ክፍል በጥቅምት ቢከፈት ፈተናውን ተቀምጠው ነጥባቸውን ለመላክ ጊዜ ያገኛሉ። ማመልከቻ የሚያነብ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴም ኮምቦልቻም እመጣለሁ። እንደኔ የሚያነቡ ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ ጥሩን፣ እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮምቦልቻ ነዋሪ